ለልጅሽ ስም ከወንዛችን

ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ መጨረሻ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለወንዛዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሆድሽ ውስጥ ያለውስ እንግዳ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ እንደ ወትሮው ነው፤ ጉና ከጠዋት እስከ ማታ ደመናውን ተከናንቦ ይውላል፣ እናትሽም ከምድጃው አትርቅም። ገብሱም ድንቹም እስካሁን ደህና ይዟል። ወቅቱን ታውቂዋለሽ፤ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው በእጅ ነው የምሰጠው፤ ቢዘገይ አትደንግጪ።

በስልክ «አባዬ፣ ለልጄ ከወንዛችን ስም ፈልግልኝ» ካልሽኝ ወዲህ ልቤ ሌላ ነገር አላሰበም። ወንድ ከሆነ ቴዎድሮስ፣ ሴት ከሆነች ጣይቱ ለማለት እንዳሰባችሁ ነግረሽኛል። እዚያ በርሊን ጀርመኖቹም ቴዎዶር የሚል ስም ስላላቸው ልጁ በትምህርት ቤት አይቸገርም ብለሻል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ስም ማውጣት በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እዚህ ከተማ ታሪክ ሳስተምር «የደብረ ታቦር ታላቅ ሰው ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ሁሉ ባንድ ድምፅ «ቴዎድሮስ!» ይል ነበር፤ አንቺም ከፊት ወንበር ሆነሽ ከሁሉ ቀድመሽ ትጮኺ ነበር። ለዚያ ጥያቄ ሙሉ መልስ ለመስጠት አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃም፤ አሁን ግን ጡረታዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁና በደንብ ልጻፍልሽ።

ቴዎድሮስን እንድትወጂ ያደረግሁሽ እኔው ነኝና የምለውን በክፉ እንዳታይብኝ። ቴዎድሮስ፣ ያን ጊዜ ካሣ ኃይሉ፣ የቋራ ልጅ ነው፤ እዚህ አልተወለደም። ዘውድ የጫነውም እዚህ አይደለም፤ የካቲት 1847 ዓ.ም. ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ላይ አቡነ ሰላማ ናቸው የቀቡት። ደብረ ታቦርን ከተማው ያደረጋት ከዚያ በኋላ ነው። ከተማዋን የቆረቆራት ራስ ጉግሣም የየጁ ቤት ሰው ነው። አፄ ዮሐንስ ተምቤን ናቸው። እንግዲህ እዚህ ተወልዶ ስሙ የገነነ ሰው ብቻ ልቁጠር ብትይ እጅሽ ላይ የሚቀርልሽ ጥቂት ነው። እዚህ የኖረውን፣ እዚህ የተሾመውን፣ እዚህ የተዋጋውን፣ እዚህ ያስተማረውን ልቁጠር ካልሽ ግን የአንድ መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ታሪክ ይሰለፍልሻል። ስለዚህ ልጄ በርሊን ሊወለድ ነው፣ የደብረ ታቦር ሰው አይባልም ብለሽ እንዳታዝኚ። ደብረ ታቦር መጥቶ የኖረባትን ሁሉ ልጄ ያለች ከተማ ናት።

ነገሩ የተጀመረው በዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ ስሙን ይዞ ይቀመጣል፤ አዛዡ ግን የየጁው ራስ ነው። ራስ ጉግሣ ከጣና ዳር ወባ ሩቅ የሆነውን፣ ከጉና ሥር ያለውን ይህን ደጋ መርጦ ከተማውን ሠራ። ከልጆቹ በኋላ የልጅ ልጁ ራስ ዓሊ ገና ብላቴና ሳለ በ1820ዎቹ ሥልጣኑን ያዘ፤ ከኋላው ሆና የምትመራው እናቱ መነን ነበረች። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ፣ አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ከጎኑ አድርጎ ደብረ ታቦር ድረስ ዘመተ። ራስ ዓሊ ተሸንፎ ከሜዳው ሸሸ። ውቤ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ድሉን በመጠጥ ሲያከብር የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደረሰና ያሸነፈውን ሰው ማርኮ ወሰደው። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ያ ሁሉ ጦር የበላው እህል የማን ነበር የሚለው ነው። የፋርጣ ገበሬ ያን ዘመን የወገኑንም የጠላቱንም ወታደር እኩል እየቀለበ ነው ያለፈው።

ከዚያ ቤት የወጣች አንዲት ሴት አለች፤ ተዋበች፣ የራስ ዓሊ ልጅ። ለካሣ የዳሯት እሱን በጋብቻ አስረው ሊይዙት ነበር። እሷ ግን ባሏን መረጠች። አባቷና ባሏ ሲጣሉ ከባሏ ጋር ቆመች፤ ሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ የአባቷ መንግሥት ሲያከትምም ከባሏ አልተለየችም። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ቴዎድሮስ ያዘነው ሐዘን እስከ ዛሬ ይወራል። ብዙ ጸሐፊዎች ከሷ ሞት ወዲህ ቁጣው የሚያበርደው አጣ ይላሉ። እኔም ይህን አምናለሁ። ይህን ስም ያዥልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጋፋትን ታስታውሺያለሽ፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ኮረብታ፣ በእግር ወስጄሽ ጫማሽ በጭቃ የተያዘባት። እዚያ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን አስፍሮ የብረት ሥራ አቋቋመ። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር የሚባሉት ከባዝል አጠገብ ካለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ባለ እጆች ነበሩ፤ ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አላቸው። የእኛም ወጣቶች ከሥራቸው ተመድበው ሙያውን እንዲማሩ ተደረገ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ምድጃው እንደገና ተሠራ፣ ነሐሱ እንደገና ቀለጠ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ከ60 ኩንታል በላይ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ። እዚያ ኮረብታ ላይ ስቆም የሚሰማኝን ኩራት ከማንም አልደብቅም። መንገድ በሌለበት አገር፣ ያን ዘመን፣ የእኛ ሰው ጥቁር አፈር ላይ ቆሞ ነሐስ ሲያቀልጥ!

ግን ተከታዩን ደግሞ ስሚ። ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲነሣ ደብረ ታቦርን አቃጠላት። የገዛ ከተማውን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተዘርፈው ተቃጥለዋል፤ የበጌምድር ገበሬም ከርስቱ ተሰድዷል። መድፉን በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው በጋይንት በኩል ወጣ፤ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ሊወጣ መንገዱ በድንጋይና በመዶሻ ተጠረገ። ንጉሡም ልብሱን ሰብስቦ በገዛ እጁ ድንጋይ ይፈነቅል ነበር። መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን ደግሞ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝበት ሽጉጡን ጠጣ። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ልጄ፣ እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ደብረ ታቦር አመድ ስትሆን የነበረችውን እናት ግን አስባታለሁ። ያቺም እናት የኛ ወገን ናት። ስሙን በጨቅላ ልጅ ላይ ለማኖር ስነሣ እጄ የሚያመነታው በዚህ ነው። አደባባዩና ትምህርት ቤቱ ይበቃዋል።

ከጋፋት ሰዎች አንዱን ግን ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፤ ደስ ይለዋል። ሞሪትስ ሃል ይባላል፤ ከፖላንድ የመጣ ይሁዲ ነው፤ ሴባስቶፖልን ካቀለጡት አንዱ ነው። ሚስቱ ካታሪና የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደር ልጅ ስትሆን በእናቷ የእኛው ሰው ናት። መቅደላ ላይ በዚያ ጦርነት ወራት ሴት ልጅ ወለዱና በቦታው ስም ማግዳሌና አሏት። የማግዳሌና የልጅ ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው የእንግሊዝ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ጋፋት ላይ ከተሠራው ሁሉ ከመድፉ ይልቅ ሩቅ የሄደው ይህ የሰው ዘር ነው።

አፄ ዮሐንስም እዚህ ሰማራ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። የካርቱሙ ጎርዶን ከግብፁ ከዲቭ ተልኮ ጥቅምት 1872 ዓ.ም. የመጣው ወደዚህ ነው፤ ሳይስማሙ ተለያዩ። ስለሳቸው ብዙ አልጽፍም፤ ዮሐንስ አንድ ቦታ የሚረጉ ንጉሥ አልነበሩም፤ እዚህም የቆዩት እንደ መንገደኛ ነው።

ወደ ጣይቱ ልምጣ። እቴጌን ማንም አይጠላም፤ የዓድዋ ሴት ናቸው፣ አዲስ አበባን ስም ሰጥተው የቆረቆሩ ናቸው። ለእኛ ከተማ ግን ይበልጥ የሚቀርቧት የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ፣ ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ፤ በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ሲነግሡ ባልና ሚስቱ እንዲለያዩ ተደረገ፣ እሳቸውም በጌምድርን ይዘው ደብረ ታቦር ተቀመጡ። መጽሐፍ ወዳድ፣ ቅኔ አዋቂ፣ ጸሎተኛ ነበሩ ይላሉ ያዩዋቸው ሽማግሌዎች። መጨረሻቸውን ታውቂዋለሽ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም በሚባለው ቦታ ከማእከላዊው መንግሥት ጦር፣ ከመሐል ሰፋሪ ጋር ገጥመው ሞቱ። በአገራችን አውሮፕላን ለጦርነት የዋለው ያን ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ የግዝት ወረቀት በተነ፣ ከዚያ ቦምብ ጣለ። ከሁለት ቀን በኋላ ዘውዲቱም ዐረፉ። የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ታሪክ ሁልጊዜ በፖለቲካ በኩል ብቻ ሲነገር ያሳዝነኛል፤ ባልና ሚስትም ነበሩ።

ራስ ጉግሣን እኔ የማስታውሳቸው ግን በአንቺም አይደለም፤ በተክሌ ነው።

አለቃ ገብረ ሐናን ሰው ሁሉ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል። ያላሉትን ቀልድ ሁሉ እሳቸው አሉት እየተባለ ይወራል። እኔ ግን ስማቸው ሲነሣ ሳቅ ከመቅደሙ በፊት አንድ ነገር እንዲነገርላቸው እፈልጋለሁ። እኚህ ሰው የደቡብ ጎንደር ልጅ ናቸው፤ በ1814 ዓ.ም. ገደማ ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ። ጎንደር በአታ ለማርያም ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ በቅኔውም በትርጓሜውም በአቋቋሙም የተመሰከረላቸው ናቸው። የጣና ዳር ሰው በመሆናቸው የሐይቁ ማዕበል ሲሄድና ሲመለስ፣ ደንገሉም በነፋስ ሲያጎነብስ እያዩ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት ግን ይህ ከአባቶች አልወረስነውም ብለው አልተቀበሉትም። እሳቸውም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ያን ይዞ ዞረ፤ ደብረ ታቦር ላይ ተተከለ፤ ራስ ጉግሣ ወሌም እንደደገፉት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ዛሬ ላይ ቤት፣ ታች ቤት እንደሚባለው ሁሉ «ተክሌ» ራሱን የቻለ የአቋቋም ስልት ነው፤ ደብረ ታቦርም የሱ ቤት ናት። ከአገሩ ዳር ሁሉ ተማሪ የሚመጣው ለዚህ ነው።

አንቺ በልጅነትሽ ለቡሄ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስወስድሽ መተኛት ነበር የምትወጂው። አሁን ግን ከእኔ ጋር ቆመሽ ተመልከቺ። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ምንም መሣሪያ የለም፣ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝማሜው ይጀመራል፤ መቋሚያው ይነሣል። በሌላው ስልት እጅ ያነሣል እጅ ያወርዳል። በተክሌ ግን መቋሚያው ወደ ቀኝ ሲሄድ ትከሻውም ወገቡም አብሮ ያጋድላል፣ ወደ ግራ ሲመለስ ረድፉ በሙሉ ይመለሳል፤ ነጠላው ሁሉ ባንድነት ይዘረጋል፣ ባንድነት ይሰበሰባል። የሰባ ዓመት ሽማግሌና የሃያ ዓመት ደቀ መዝሙር ጎን ለጎን ናቸው፤ የሽማግሌው ጉልበት ቢደክምም ልኩን አይስትም፤ ወጣቱ ዓይኑን ከሱ እግር አይነቅልም። ቀጥሎ መረግዱ ይመጣል፤ ጸናጽሉ ይገባል፣ ከበሮው ይገባል፤ ከዝግታ ተነሥቶ ጽፋት ላይ ሲደርስ ጭብጨባውን የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ይመልሰዋል። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ቄጠማ ከእግራቸው ሥር ይሸታል። አያትሽ እዚያ ረድፍ ውስጥ ነበሩ። እኔም በወጣትነቴ ትንሽ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ አስኳላው ወሰደኝ።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ምን ለማለት ነው? የየጁው ራስ ጉግሣ የሠራው ቤት የለም። ቴዎድሮስ የሠራው በገዛ እሳቱ ነደደ። የሰማራ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ነው። ጣሊያንም መጥቶ ምሽግ ሠራ፤ ሰኔ 29 ቀን 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል አንጀሊኒ ከነጦሩ እጁን ሰጠ። ጎንደር ላይ ተቀባይነት ያጣው የአንድ አባትና የአንድ ልጅ ውዝዋዜ ግን ባለፈው ቡሄም ነበረ፣ ዘንድሮም ነሐሴ 13 ይኖራል። የዚህች ከተማ ታላቅ ሰው ማን ነው ብለሽ ዛሬ ብትጠይቂኝ መልሴ ይህ ነው፤ ተክሌ።

የዜማው ነገር ከተነሣ ጋይንትን ሳላነሣ ብቀር ይፈርድብኛል። ድጓ የተማረ ሰው የሚያስመሰክረው ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ። ቆማ ፋሲለደስም የራሱ የድጓ ዜማ አለው። እኔም ልጅ ሆኜ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ከደጅ ደጅ ዞሬያለሁ። ቤተልሔምን ከሩቅ ስታይው እንደማንኛውም የገጠር ደብር ክብ ነው። ወደ ውስጥ ስትዘልቂ ግን በዚያ ክብ ሥር ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ባለ አራት ማዕዘን፣ ከተጠረበ ድንጋይ የታነፀ፣ ከዚህኛው ብዙ መቶ ዓመት የሚቀድም። እኛ ተማሪዎቹ ስንወጣና ስንገባበት የኖርነውን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል የአየርላንድ ወጣት በበቅሎ መጥቶ ለውጭ ዓለም አሳወቀው። በዚያ ጉባኤ ያስተማሩት መምህራን ስማቸው በታሪክ መጻሕፍት የለም። የአገሪቱ መሪጌታዎች ግን ከነሱ እጅ ነው የወጡት። ስም ለልጅ ስንፈልግ ባለ ስሙን ብቻ እንፈልጋለን፤ እኔ ግን ያስተማሩኝን የኔታ አስባለሁ፤ ዓይናቸው አያይም፣ አንዲት ምልክት ብንስት ከሩቅ ሰምተው ይመልሱን ነበር።

ሴት ከሆነችስ? ለዚህ መልስ ወደ ጣና እንውረድ፤ ደራ፣ ቆራጣ። ወለተ ጴጥሮስ የባላባት ልጅ፣ የአፄ ሱስንዮስ ሹም የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበል ባሏ ከንጉሡ ጋር ሆነ፤ እሷ ባሏንም ቤቷንም ትታ ፀጉሯን ተላጭታ መነነች። ሸንጎ አቆሟት፣ አጋዟት፣ አልተመለሰችም። ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ሆና ተከታዮቿን ከቦታ ቦታ እየመራች ማኅበር አቋቋመች፤ ንጉሡ በመጨረሻ ሃይማኖቱን ሲመልስ እሷ ገና ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደቀ መዛሙርቷ የነገሩትን ይዞ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ገድሏን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ታተመ። ያን ገድል ሳነብ የሚገርመኝ ተአምሩ አይደለም። በሽተኞቹን እንዴት እንደምትጠይቅ፣ ከእህል ማነስ ጋር እንዴት እንደምትታገል፣ እንዴት እንደምትቆጣ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል፤ የነበረችው ሴት እንዳለች ትታያለች። ቆራጣ እስከ ዛሬ በሷ ስም አለ።

አሁን ደግሞ አንቺ ያለሽበት ከተማ ቀድሞሽ ስለደረሰ የወንዝሽ ልጅ ልንገርሽ። ከአዲስ ዘመን አጠገብ ይፋግ የምትባለዋን የገበያ ከተማ ታውቂያታለሽ። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የተወለዱት እዚያ ነው። በልጅነታቸው ምጽዋ ወርደው ምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በኋላ የሰዋስው መጽሐፍ ጻፉ። አፄ ምኒልክም ወደ ጀርመን ላኳቸው፤ ከ1897 እስከ 1899 ዓ.ም. ድረስ በርሊን ላይ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ለጀርመኖች አማርኛና ግእዝ አስተማሩ። አስቢው፤ አንቺ ዛሬ በባቡር በምትሄጂበት ከተማ፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ አንድ የይፋግ ሰው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሀ ሁ ይላል። አገራቸው ሲመለሱ በእምነታቸው ምክንያት ብዙ መከራ አይተዋል። ቢሆንም «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ጽፈው በ1914 ዓ.ም. አሳተሙ። እኛና እሳቸው በሃይማኖት አንድ አይደለንም፤ አያትሽ በሕይወት ቢኖሩ በዚህ ይቆጡኝ ነበር። እኔ ግን በዕውቀታቸውና በጽናታቸው የወንዛችን ኩራት እላቸዋለሁ። ብርድና ብቸኝነት ሲጫንሽ እሳቸውን አስቢ፤ ያኔ ስልክ እንኳ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ነገሬን ላሳጥር። ወንድ ከሆነ ተክሌ በሉልኝ። እናትሽ «ታዬ ይሁን፤ በርሊንን የሚያውቅ ሰው ስም ነው» ብላ ከትናንት ጀምሮ እየተከራከረችኝ ነው። ሐሳቧን ልጽፍላት ቃል ገብቼላት ነበርና ይኸው ጻፍኩ፤ ምርጫው የእናንተ ነው። ሴት ከሆነች ተዋበች፤ በዚህ እኔና እናትሽ አንድ ነን። የክርስትና ስሟን ደግሞ ወለተ ጴጥሮስ እንዲሏት እዚያ ላሉት አባት አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሕፃኗ በዕለቱ ቅዱስ ስም ነው የምትጠራው ካሉ አትከራከሪያቸው፣ የአባት ቃል ይሁን። ባለቤትሽ ቴዎዶርን በጣም ወድዶት ከሆነም ቅር አይለኝም፤ ይህን ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢለት፣ ከዚያ ይወስን።

ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትናው። ቀኑን ቀደም ብለሽ ደውለሽ ንገሪኝ፤ እኔም በዚያው ዕለት እዚህ ኢየሱስ ላሉት ካህናት ዝክር አዘጋጃለሁ። ስሙን ነግሬያቸው በጸሎት ያስቡታል።

እናትሽ የገንፎ ገብስ ዱቄት፣ በሶና የተነጠረ ቅቤ አስይዛለች፤ ቅቤው በሦስት ፕላስቲክ ታሽጎ ነው ያለው፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገለበጥ ለሚያመጣው ሰው ንገሪ። ከወለድሽ በኋላ አሥር ቀን ሳይሞላሽ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳትነኪ ትልሻለች። የጀርመን ሐኪሞች ሌላ ቢሉሽም ይህን ስሚያት። ባለቤትሽን ሳሚልኝ።

እወድሻለሁ፤ ዘወትር የሚያስብሽ

አባትሽ